አርባ ወይስ ሰማንያ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ እኅት ለእማሆይ ፅጌ ማርያም፣ ጎርጎራ።

እማሆይ፣ እጅዎን ስሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የላኩልኝ ጠበልና መታቀፊያው ጨርቅ ደርሶኛል። ጀልባ ላይ የሚሠራው አቶ አካሉ ቤት ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ወዲያው ባለመጻፌ ይቅር ይበሉኝ። አራስ ቤት ጊዜው እንዴት እንደሚያልፍ አይታወቅም።

አዎ፣ በሰላም ተገላግያለሁ። ጥቅምት 3፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ማንን እንደሚመስል ለጠየቁኝ፣ ያዩት ሁሉ ግንባራቸው የሟች እናቴ ነው ይላሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነው። ይህን ስጽፍልዎ ጠብተው ተኝተዋል። ስም ገና አላወጣንም። የክርስትናውን ቀን ባለቤቴ ቢያዝን ሲቆርጥ አሳውቅዎታለሁ። ፎቶ ያልላክሁት ያው መብራት እየጠፋ ስላልታተመልኝ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እንዳይቆጡኝ። የሕፃናት ሐኪማችን ዶክተር ምናሴ ስለ ቤተሰባችን እየጠየቀ ይጽፋል። እናቴ ካረፈች በኋላ በእሷ ወገን የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ያኔ አንበሳሜ ተድረው ሳለ ከባለቤትዎ ጋር የተለያያችሁት በምን ምክንያት ነበር?

ቢያዝን እጅ ይነሳል።

ልጅዎ ሩሐማ

ጎርጎራ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሩሐማ፣ የማርያም ምሕረት ይድረስሽ።

ደብዳቤሽን ከተቀበልሁ ሦስት ቀኔ ነው። አንብቤ አጠፍሁት፤ ደግሞ ዘርግቼ አነበብሁት።

‘ግንባራቸው’ ትያለሽ፣ ‘ድምፃቸው’ ትያለሽ፣ ‘ጠብተው ተኝተዋል’ ትያለሽ። ጳጳስ ነው እንዴ የወለድሽው? ወንድ እንደወለድሽ አቶ አካሉ ነግሮኛል። አማትሽ ሰባት ጊዜ እልል ማለታቸውን ሳይቀር አውርቶልኛል። ወንድ ከሆነ ክርስትናው በአርባ ቀኑ፣ ለኅዳር ሚካኤል ነው። ሴት ብትሆን ሰማንያ ቀን ትጠብቂ ነበር። ቀኑን የቆረጠችው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ቢያዝን ምን ይቆርጣል?

ስለ አንበሳሜው የጠየቅሽኝን አልመልስም። ቆብ ስጭን እንደ ሙት ፍትሐት ተፈትቶልኛል። ለሐኪምሽ አክስቴ ሞታለች በይው።

ግን ሩሐማ፣ የሕፃናት ሐኪም የአሮጊት ባል አይጠይቅም። ልጁ ምን ሆኗል?

ፅጌ ማርያም

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማሆይ፣

ከእርስዎ መደበቅ እንደማልችል ማወቅ ነበረብኝ።

ወንድ ይሁኑ ሴት አላወቅንም። አዋላጇ ‘ወንድ ነው’ አለች፤ አማቴ እትዬ የብርጓል ኮሪደሩ ላይ እልል አሉ። በማግስቱ ዶክተር ምናሴ ሕፃኑን ሊያይ መጣ። ዳይፐሩን ፈትቶ ብዙ ቆየ። መልሶ ካሰረ በኋላ ‘ስም ለማውጣት አትቸኩሉ’ አለን። አካላቸው ለወንድ ያነሰ፣ ለሴት የበዛ ነው። ከዚህ በላይ በወረቀት ላይ አላሰፍረውም።

አንቱ ማለቴ ወድጄ አይደለም። በእኛ ቋንቋ ‘ጥባ’ ወይም ‘ጥቢ’ ሳይሉ ልጅ ማጥባት እንደማይቻል አላውቅም ነበር። ‘ተኛ’ ስል ቢያዝን ቀና ብሎ ያየኛል። ‘ተኚ’ ብል እትዬ የብርጓል ይሰማሉ። ስለዚህ በሩን ዘግቼ ‘ይጥቡ፣ ይተኙ፣ ምነው አለቀሱ’ እላለሁ።

ዘጠኝ ዓመት በኮሌጁ ሬጅስትራር የተማሪ ቅጽ ሞልቻለሁ። ‘ጾታ’ ከሚለው ፊት ሁለት ሳጥን አለ፤ እጄ ሳላስበው ምልክት ያደርግበት ነበር። የልደት ምስክር ወረቀቱ ቅጽ ግን ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ባዶውን ተቀምጧል።

የምሄደው ከመኝታ ቤት እስከ መታጠቢያው ብቻ ነው። አራስ ጥየቃ የሚመጡት ሳሎን ተቀምጠው ይሄዳሉ። እትዬ የብርጓል ‘የልጄን ገላ እኔ ልጠበው’ ይላሉ፤ ‘ሐኪም ከልክሏል’ እላቸዋለሁ። ትናንት በሩን ሲገፉ በጀርባዬ ደገፍሁት። አማቴን፣ እማሆይ! በጀርባዬ!

ዶክተር ምናሴ ያስረዳኝን ልጻፍልዎ።

‘እስከ ስድስተኛውና ሰባተኛው ሳምንት ድረስ’ አለኝ፣ ‘ሁላችንም በማኅፀን ውስጥ አንድ ዓይነት ነን። ወደ ወንድም ወደ ሴትም የሚወስደው መንገድ ሁለቱም ተዘጋጅቶ ይቆያል። ከዚያ በወንዱ ውስጥ የዘር ፍሬው ይሠራና ሁለት ሆርሞን ያመነጫል። አንዱ ማኅፀን ሊሆን የነበረውን ያጠፋል። ሌላው ቴስቶስትሮን የሚባለው ነው። እሱ በደም ዞሮ አካሉን የወንድ አድርጎ ያበጃል። ዋናው ሥራ የሚያልቀው ገና ሆድሽ ሳይገፋ፣ በሦስት ወር ተኩል ውስጥ ነው።’

‘የእኔ ልጅ ታዲያ ሆርሞን አጥሮት ነው?’

‘አላጠረውም፤ በደሙ ውስጥ ሞልቷል። አካሉ ግን ሆርሞኑን የሚሰማበት ጆሮ ደካማ ይመስለኛል። ትእዛዙ ደርሷል፤ የሰማው ግማሹን ነው።’

‘እኔ ያደረግሁት ነገር ይኖራል? የበላሁት፣ የጠጣሁት?’

‘ምንም’ አለኝ። ‘ይህ በእናት በኩል ይወርዳል። እናትየው ራሷ ምንም ሳትሆን ተሸክማው ትኖራለች። በአንዱ ይበረታል፣ በሌላው ይቀላል። በእናትሽ ወገን የወር አበባ ሳታይ የቀረች፣ ያልወለደች ሴት ነበረች?’

እማሆይ፣ ያኔ እርስዎ ትዝ አሉኝ።

የሚያስፈራኝ ደግሞ ሌላ ነው። ቢያዝን ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ለዘመዱ ሁሉ ወንድ ተወለደልኝ ብሎ ደውሏል። አሁን አንድ የግል ሐኪም አግኝቷል። ሰውየው ‘ሴት ማድረግ ይቀላል፣ በአንድ ቀዶ ጥገና ያልቃል’ ብሎታል። ቢያዝንም ‘አዋላጇ ተሳስታ ነው እንላለን፤ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች፤ ይለቅልን’ ይለኛል። ዶክተር ምናሴ ‘የተቆረጠ አይቀጠልም፤ ምክንያቱን እንወቅ’ ቢለውም ጆሮ አልሰጠውም። ቀጠሮው ኅዳር 8 ነው። የሁለታችንንም ፊርማ ይፈልጋሉ፤ እምቢ ባልሁ ቁጥር ቢያዝን ሌላ መንገድ ካለሽ አሳዪኝ ይለኛል። የለኝም።

ሩሐማ

ጎርጎራ፣ ኅዳር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሩሐማዬ፣

ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ፤ እናትሽ። አደራዬን ይዛ መቃብር ወርዳለች።

አንበሳሜ የተዳርሁት በአሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ባሌ መርስዔ ኀዘን ይባል ነበር፤ ገበያ እህል የሚነግድ፣ ረጋ ያለ ሰው። እኩዮቼ ሁሉ አደፍ ሲያዩ እኔ አላየሁም። እናታችን ‘አንዳንዷ ትዘገያለች፣ ስትገባ ይመጣል’ ብላ ዳረችኝ። ገባሁ፤ አልመጣም። አማቴ ልብሴን እያገላበጡ ማየት ጀመሩ። መጀመሪያ አረገዘች ብለው ደስ አላቸው። ወር ሲቆጥሩ፣ ሆዴን ሲያዩ፣ ፊታቸው ተለወጠ።

ሦስት ጊዜ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወሰዱኝ። ሴቶቹ ተራቁተው ይታጠባሉ። እኔ ከነቀሚሴ ገባሁ። አንዲት ሴት ‘ምን ደብቀሽ ነው?’ ብላ ሳቀች፤ ሌሎቹም ሳቁ። ብሽሽቴ ላይ በሁለቱም በኩል እብጠት አለ፤ የአፈር ጓል ያህል ይዳሰሳል። ሸክም የበዛበት ሰው የሚያወጣው እብጠት ይመስለኝ ነበር። ሌላም አለ፤ ሐኪሙ ካየ ይየው እንጂ እኔ አልጽፈውም። ከባሌ ጋር መኝታውም ሥቃይ ነበር። ‘እንግዲህ ይበቃሻል’ አለኝ አንድ ቀን። አልመታኝም፣ አልሰደበኝም። እስከ አባቴ ደጅ ራሱ በበቅሎ አድርሶኝ ተመለሰ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሰው ሲጠይቀኝ የምሰጠው ምክንያት አገኝ ነበር።

አባቴ ቤት ስድስት ወር ከጓዳ አልወጣሁም። ከዚያ እዚህ መጣሁ። የሴቶች ገዳም ነው፤ ማንም ልብሴን አያገላብጥም። ይኸው አርባ ዓመት። የምነና ፍቅር አምጥቶኝ ነው ብዬ ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ። እግዚአብሔር ይፍታኝ፤ ያመጣኝ ሽሽት ነው። ፍቅሩ ቆይቶ ነው የመጣው።

አንቺ በር ይዘሽ መቆምሽን አነበብሁ። እኔም አውቀዋለሁ ያንን በር።

ደም ይፈልግ እንደሆነ ይውሰድ። በሚቀጥለው ጀልባ እመጣለሁ። እመ ምኔታችንን ለዓይኔ ሕክምና ብዬ አስፈቅጃለሁ፤ ዓይኔም በእውነት ታሟል፣ ውሸት አይደለም። ከቀጠሮው ቀን በፊት እደርሳለሁ። ባልሽን ቤት አቆዪልኝ።

ፅጌ ማርያም

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማሆይ፣

በሰላም መግባትዎን አቶ አካሉ ነገረኝ። ማዕበል ነበረ አለኝ፤ ሲያስታውክዎ ሰው ባላየዎ ብዬ ተመኘሁ።

እርስዎና ቢያዝን ሳሎን በተቀመጣችሁበት ጊዜ እኔ በሩ ሥር ነበርሁ። ‘እማሆይ፣ ለልጁ አስቤ ነው’ ሲልዎ ሰማሁ። ‘ለልጁ ከሆነ ማንነቱ እስኪታወቅ ቆይ’ አሉት። ‘ሰው ምን ይላል?’ አለ። ‘እኔን ማንም አልቆረጠኝም’ አሉት፤ ‘ሰው ግን ብሏል። ብትቆርጠውም ይላል።’ ከዚያ ያንን አርባ ዓመት የደበቁትን ለእሱ፣ ለማያውቁት ሰው ነገሩት። ቢያዝን ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ኅዳር 8 ቀን ስልኩን ዘግቶ በሚሠራበት ፋብሪካ ዋለ። ቀጠሮው እንዲሁ አለፈ።

ትናንት አርባ ቀን ሞላ። እትዬ የብርጓል ጠላውን ጠምቀው፣ ዘመድ ጠርተው ነበር። ቢያዝን ‘ልጁ ቢጫ ሆኗል፤ ሐኪም አታውጡ ብሏል’ አላቸው። ለእናቱ ሲዋሽ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው። ‘ክርስትና የሚከለክል ምን ዓይነት ቢጫ ነው?’ አሉት። ተቆጥተው ሻንጣቸውን አዘጋጅተው ወደ አገራቸው ሄዱ። እኔን አልተሰናበቱኝም። ቢያዝን ሚካኤልን ብቻውን ተሳልሞ መጣ። ጠላውን ለጎረቤት ሰጠን።

ዶክተር ምናሴ ኅዳር 9 የመጀመሪያውን መርፌ ሰጠ። ያው ሆርሞን ነው፤ በርከት ሲል አካላቸው ይሰማው እንደሆነ ለማየት። የሕፃኑ ደምና የእርስዎ አብሮ አዲስ አበባ ተልኳል። ዓይንዎ እንዴት ነው? ጠብታው በቀን አራት ጊዜ ነው።

ሩሐማ

ጎርጎራ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ዓይኔ ተሽሎታል። ጾሙም ገብቷል፣ እኔም በርትቻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ያቺ ሆዴን በመሣሪያ ያየችኝ ሴት ሐኪም ማሽኑን ስታዞር ቆይታ ፊቷን ከእኔ መለሰች። ‘ምን አየሽ?’ ብላት ‘ዶክተር ምናሴ ይነግርዎታል’ አለችኝ። እሱም ‘ደሙ ይምጣ’ አለኝ። ደሙ መጣ?

ፅጌ ማርያም

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማሆይ፣

የሕፃኑ ውጤት መጥቷል። ክሮሞሶማቸው የወንድ ነው። ዶክተሩ እንደገመተው አካላቸው ሆርሞኑን በደካማ ጆሮ ነው የሚሰማው፤ በእናቴና በእኔ በኩል የወረደ ነው። መርፌው ግን ለውጥ አሳይቷል። ዶክተር ምናሴ ሲለካ ፈገግ አለ፤ ከተወለዱ ጀምሮ ፈገግ ሲል ያየሁት ያኔ ነው። ሁለተኛው መርፌ ታኅሣሥ 7 ነው።

የእርስዎ ውጤት ገና አልደረሰም። አዲስ አበባ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል። እንደመጣ እጽፍልዎታለሁ።

ሩሐማ

ጎርጎራ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሩሐማ፣

አብሮ የሄደ ደም አንዱ ሲመለስ ሌላው የት ቀረ?

ከእናትሽ እንደወረደ ማወቃችሁን ጽፈሽልኛል። ያንን በምን አወቃችሁ? በእኔ ደም አይደለም?

ከክፉ ልትጠብቂኝ እንደሆነ ገብቶኛል። እናትሽም እንዲሁ ትጠብቀኝ ነበር፤ የጠበቀችኝ ዝም ብላ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ምን እንደሆንሁ ሳላውቅ እኅቶቼ መካከል ቆሜ አስቀድሻለሁ። እግዚአብሔርን ብጠይቀው አልነገረኝም። አንቺ ታውቂያለሽ፤ ወረቀቱ መሳቢያሽ ውስጥ ነው። ጻፊልኝ።

ፅጌ ማርያም

ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማሆይ፣

ዋሽቼዎታለሁ። ሁለቱም ውጤት የመጣው በአንድ ፖስታ ነው።

አንድ ነው። የእርስዎም ክሮሞሶም የወንድ ነው። ማኅፀን የለም። ብሽሽትዎ ላይ ያሉት እብጠቶች የወንድ የዘር ፍሬ ናቸው፤ በቦታቸው ሳይወርዱ የቀሩ። በእናትዎ ሆድ ውስጥ ሳሉ ፍሬዎቹ ሆርሞኑን ሠርተው ነበር። አካልዎ ግን ከሕፃኑም ያነሰ ነው የሰማው፤ ስለዚህ ሴት ሆነው ተወለዱ፣ ሴት ሆነው አደጉ። አደፍ ያላዩት፣ ያልወለዱት በዚህ ነው። የማንም እርግማን አይደለም፤ ፍል ውኃውም ቢሆን ምንም ሊያደርግ አይችልም ነበር።

‘ታዲያ አክስቴ ምንድን ናቸው?’ ብዬ ዶክተር ምናሴን ጠየቅሁት። ‘ስድሳ አንድ ዓመት የኖሩትን ናቸው። ወረቀቱ ለምን እንዳልወለዱ ነው የሚነግረኝ’ አለኝ። ግን አንድ ነገር በጥብቅ ነገረኝ፤ እነዚያ ፍሬዎች በእርጅና ወደ ክፉ በሽታ ሊለወጡ ይችላሉና በቀዶ ጥገና ይውጡ ይላል።

የደበቅሁዎ ወረቀቱን እንዳነበብሁ ገዳሙ ስለታየኝ ነው። እዚያ ባያቆዩዎስ? በዚህ ዕድሜዎ የት ይሄዳሉ? እኔ ለልጄ ብዬ ከቤትዎ አስወጣሁዎ ማለት ነው። አሥራ ሦስት ቀን ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ደብቄ ቆየሁ።

ሕፃኑን ወንድ ብለን ልናሳድግ ወስነናል። መርፌው ይዞለታል። ይኸው ‘ይዞለታል’ ብዬ ጻፍሁ፤ እጄ እየተለማመደ ነው። ዶክተሩ በየሦስት ወሩ ያየዋል። ‘ሲያድግ ራሱ ሌላ ቢላችሁ ደግሞ ስሙት’ ብሎናል። ቢያዝን ይህን ሲሰማ እምቢ አላለም።

ጥምቀቱን ለታኅሣሥ ገብርኤል አድርገነዋል። ሰባ ሰባተኛ ቀኑ ነው፤ አርባም ሰማንያም አይደለም። ሦስት ቀን ብንጨምር ሰው ሴት ናት ይላል ብሎ ቢያዝን ፈራ። ቄሱ ለምን ዘገያችሁ ሲሉን ‘ታሞ ነበር’ አልን። ስሙን ቃለ ሕይወት ብለነዋል። ለወንድም ለሴትም ይሆናል ብዬ እኔ ነኝ የመረጥሁት፤ ይህንንስ ለቢያዝን አልነገርሁትም።

ይቅር ይበሉኝ።

ሩሐማ

ጎርጎራ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሩሐማ፣

ደብዳቤሽን ካነበብሁ በኋላ ሦስት ቀን ከማኅበሩ ማዕድ ቀረሁ። ታመመች አሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ እመ ምኔታችን ገባሁ።

‘እናታችን፣ በሴቶች ገዳም መኖር አይገባኝ ይሆናል’ አልኋቸው።

‘ማን አለሽ?’

‘ሐኪም ደሜን አይቶ የወንድ ነው አለ።’

መቁጠሪያቸውን ያዙት፤ አልቆጠሩበትም። ከዚያ ሁሉንም ጠየቁኝ፤ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ አንበሳሜውንም፣ ወንዛዬውንም፣ ሽሽቴንም። የሚፈርዱብኝን ስጠብቅ ‘የነገ ውኃ ተራ የማን ነው?’ አሉኝ።

‘የእኔ ነው።’

‘እንግዲያስ ማዕድ ቅረቢ፤ ጾመሽ ጀሪካን አታነሺም።’ ልወጣ ስል ጠሩኝ። ‘ለእኔ ነግረሽኛል። ለሦስተኛ ሰው አትንገሪ። እኔም አልሰማሁም።’

በሩን አልፌ ግቢው ላይ አለቀስሁ፤ ከደስታም ነው። ቆይቼ ግን ዳግም እንደተዘጋብኝ ገባኝ። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከዚያው ምሥጢሬ ጋር። ልዩነቱ አሁን ከውስጥ አንድ የሚያውቀኝ ሰው መኖሩ ነው። በስድሳ አንድ ዓመቴ ይህም ብዙ ነው። በማግስቱ ሐይቁ ወርጄ ቀዳሁ። እኅቶቼ ተሻለሽ ወይ አሉኝ፤ ተሻለኝ አልሁ።

ቀዶ ጥገናውን ከልደት በኋላ መጥቼ አደርጋለሁ። እመ ምኔቷ ‘ለዓይንሽ ነው’ ብለው ፈቅደዋል።

ጥምቀቱ በሰላም መጠናቀቁን ሰማሁ። አማትሽ መጥተው ታቅፈውት እንደዋሉም አቶ አካሉ ነገረኝ። አንድ ቀን ትነግሯቸው ይሆናል፣ አትነግሯቸው ይሆናል፤ ያ የአንቺና የባልሽ ነው።

ከልጁ ጋር ግን እንደኛ አታድርጊ። ከትምህርት ቤት መጥቶ ‘ለምን ከጓደኞቼ እለያለሁ?’ እስኪልሽ አትጠብቂ። ገና ሱሪውን ራሱ መታጠቅ ሲማር ጀምረሽ ጥቂት ጥቂት ንገሪው፤ ሲጠይቅሽ ፊትሽን አታዙሪበት። ‘እኔ ብቻ ነኝ ወይ?’ ይልሻል፤ ሁላችንም መጀመሪያ የምንለው እሱን ነው። ያኔ ‘ብቻህን አይደለህም፤ የአያትህ እኅት እንዳንተ ነበሩ’ በይው። በሕይወት ካለሁ አምጪልኝ፤ ከሌለሁም ስሜን ጠርተሽ፣ የኖርሁበትን ነግረሽ፣ ምንም ሳታስቀሪ ንገሪው። ለእሱ ፈቅጃለሁ።

ሌላ ሰው ከጠየቀሽ ዓይኗን ነው ያመማት በይ።

ፅጌ ማርያም